ሁለት ገጾች

ግጥም የምሞክርባቸው ደብተሮች አሉኝ። ባንክ ቤት የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲጽፍ ስለሚውል፣ ማታ ማታ ፊደል ይናፍቀዋል። ከእነዚህ ደብተሮች አንዱን ባለፈው ግንቦት፣ የኮኪት ፀሐይ የቤቴን ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ባገለችበት አንድ እሑድ፣ ሣጥኔን ሳራግፍ አገኘሁት። ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል። መካከሉን ስገልጠው ሁለት ግጥሞች ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል። በግራው ራስጌ «ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.» የሚል አለ፤ በቀኙ ደግሞ «የካቲት 2006 ዓ.ም.»። ያን ደብተር የማወጣው ለአደባባይ ጉዳይ ብቻ ስለ ነበር፣ በመካከላቸው ሌላ ገጽ የለም። አንድ ዓመት ከአራት ወር በአንዲት ስስ ወረቀት እጥፋት ውስጥ ገብቷል።

ሁለቱም ግጥሞች የተጻፉት ስለ አንድ ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ስለ ነበሩት ስለ ሰውነት ቢሻው። የግራው ያነግሣቸዋል። የቀኙ ይቀብራቸዋል። የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ ነው፤ የእኔው ነው።

*

የግራው ገጽ እንዴት እንደ ተጻፈ ላውጋችሁ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ ኮኪት ተመለስሁ። ሥራ እስካገኝ የአባቴን ሰሊጥ አግዝ ነበር። ቆላውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ኮኪት ከጎንደር ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከሸህዲ አልፎ መተማ ዮሐንስ ሳይደርሱ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ጥቅምት እዚህ የሰሊጥ ወር ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬውን ለመሬት ይሰጣል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው፤ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት ሳሉጎች፣ ባለ መሬቱ፣ ደላላው፣ ከማዶ ከገላባት የሚሻገሩት ሱዳናውያን ነጋዴዎችም ጭምር።

የዚያን እሑድ ግን ማሳው ባዶ ነበር። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን ይገጥማሉ። በጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በመጀመሪያው ጨዋታ እዚያው ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ተሳትፎዋን ያደረገችው በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሊሆን ነው። እኔና እኩዮቼ ስንወለድም፣ ስንማርም፣ ስንመረቅም አገራችን ከዚያ ዋንጫ ደጅ ውጭ ነበረች። ሁለት ለዜሮ ብናሸንፍ በድምሩ አምስት እኩል እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ከሜዳ ውጭ ያገባናቸው ሦስቱ ግቦች ያሳልፉናል።

ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት እስከ በረንዳው ሞላ። ከኋላ፣ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ፣ ጃላቢያ የለበሱ አምስት ስድስት ሱዳናውያን ተቀምጠው ነበር። ያለ ግብ እረፍት ወጣን። ባለ ሻይ ቤቷ እትዬ ስኳር መስጠት አቆሙ፤ እጃቸው ስለ ተንቀጠቀጠ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አስቆጠረ። ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰዒድ ደገመው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት አላስታውስም፤ የማስታውሰው ብርጭቆ ሲሰበር፣ አንድ የማላውቀው ሳሉግ አንገቴን አንቆ ሲያለቅስና፣ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ከኋላችን የነበሩት ሱዳናውያን አንድ በአንድ እየተነሡ «መብሩክ» እያሉ እጃችንን ሲጨብጡን ነው። ተሸናፊ ተነሥቶ አሸናፊን ሲመርቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያኔ ግን ትምህርት አልወሰድሁበትም፤ ደስታ አስተማሪ አይደለም።

ሌሊቱን በኩራዝ ብርሃን ጻፍሁ። በስማቸው ላይ ቅኔ ለመዝረፍ ሞከርሁ፤

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አጥተን ስንቸገር፣
ሰውነት አገኘን ልንቆም በሰው አገር።

የ«ሰው አገር» የተባለችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ውድድሩ የሚደረገው እዚያ ነበር። በማግሥቱ ሻይ ቤቱ ውስጥ አነበብሁት። ሰው አጨበጨበ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጭብጨባ ነበር።

*

ዕጣው ሲወጣ የደረሰን ምድብ ቀላል አልነበረም። የወቅቱ ሻምፒዮና ዛምቢያ፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ከእኛ ጋር ተመደቡ። ዛሬ ወደ ኋላ ስመለከት የሚያስደንቀኝ፣ የዚያ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ በእነዚሁ በናይጄሪያና በቡርኪና ፋሶ መካከል መደረጉ ነው። ዋንጫውን በሻምፒዮናነት የገባው፣ ዋንጫውን ያነሣውና በፍጻሜው የተሸነፈው ሦስቱም የእኛ ምድብ ነበሩ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ነበር። ዕለቱ ይገርማል፤ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ብቸኛ ዋንጫችንን ያነሣው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ልክ በሃምሳ አንድ ዓመቱ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ መራች። በዐሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ በ1974ቱ ውድድር አንድም ግብ አላገባንምና፣ ያቺ ግብ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ያኔ ማንም አሠልጣኙ ይውረድ አላለም። የተራበ ሰው የቀረበለትን አያማርጥም።

ማማረጥ የጀመርነው ጥጋብ ሲመጣ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባችንን በአንደኝነት ያጠናቀቅን መሰለን። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ ሌላ ወሬ አመጣ። ከስምንት ቀን በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፏል፤ በቅጣት ላይ ነበረና መጫወት አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ።

እኔ በዚያ ወራት አዲስ የተቀጠርሁ የባንክ ጸሐፊ ነበርሁ። ይህ ወሬ ከሌላው ሰው በተለየ ገባኝ፤ የካርዱ ጉዳይ የኳስ ጉዳይ አይደለም፣ የመዝገብ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ሁለት ቢጫ ካርዶችን መደመር ነበረበት። አንድ ሲደመር አንድ። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ሻይ ቤቱ ውስጥ ብዙ ተከራከርን። ጠቡ ሲበርድ ግን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ስም ብቻ ስለ ነበረ፣ ጥፋቱን ወስደን እዚያው ስም ላይ አኖርነው።

ቡድኑ ግን አልወደቀም። በጳጉሜን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በ13 ነጥብ ምድቡን መራ፤ ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በአንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ርቀት ላይ ቆመ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት እዚያ ደርሳ አታውቅም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ሲያስቆጥር ሻይ ቤታችን ጣሪያው የተነሣ መሰለኝ። ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በዘጠናኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍንና ተፈጸመ።

*

ከዚያ ቻን መጣ፤ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ሻምፒዮና። ሕጉ ስለማይፈቅድ እንደ ሳላዲን፣ እንደ ጌታነህ ከበደ ያሉት በውጭ የሚጫወቱት አልነበሩም። በጥር 2006 ዓ.ም. በሊቢያ 2 ለ 0፣ በኮንጎ 1 ለ 0፣ በጋና 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ግብ። በዚህ ማግሥት፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 2014፣ ፌዴሬሽኑ አሠልጣኝ ሰውነትን አሰናበተ።

ወሬው ኮኪት የደረሰ ዕለት ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም አላዘነም። ይልቁንስ አንድ ዓይነት እፎይታ ነበረ። ሰው ሁሉ ለዓመት በሆዱ የያዘውን ስሌት አወጣ፤ ለምን እከሌን አላሰለፈም፣ ለምን ዘግይቶ ቀየረ፣ ለምን ተከላከለ፣ ለምን አልተከላከለም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ መጥረቢያ የሌለው እንኳ በጥፍሩ ቧጠጠ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ገጣሚው፣ ለሹመቱ ገጥመህ የለ? ለሽረቱስ?» አለኝ።

እዚያው ተቀምጬ፣ ከሩብ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ጻፍሁት።

ሦስቴ ተሰልፎ አንድ ግብ ያላመጣ፣
ነፍስ የለው ሰውነት ከቤታችን ይውጣ።

ሳቁ ከፊተኛው ጭብጨባ በለጠ። ቤቱ በእግሩ ቆመ። አስደግመውኛል። አንድ ሰው ሻይ ከፈለልኝ። ባለ ሻይ ቤቷ እትዬ ብቻ ጀበናቸውን እያነሡ፣ «ልጄ፣ ያኔ ያስለቀሰን ሰውዬ አይደለም እንዴ ይኼ?» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት፤ ማንም አልመለሰላቸውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ግጥም ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። ስንኙ ይመታል፤ ሰምና ወርቁ አይጋጭም። ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኼው ነው። መጥፎ ግጥም ቢሆን ኖሮ ይረሳ ነበር።

*

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ብዙ ሰው ተቀመጠ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. መጣ፤ በዓመቱ ተሰናበተ። ዮሐንስ ሣህሌ ተተኩ፤ እርሳቸውም በዓመቱ ገደማ ተነሡ። ሌሎችም ተከተሉ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ፣ በውበቱ አባተ ዘመን ነው። ከምድባችን አላለፍንም፤ በዓመቱ እርሳቸውም ተለያዩ። በየሽኝቱ ሻይ ቤቶች ይሥቃሉ፤ ቃሉ እንኳ አይለወጥም።

የእኛ ብቻም አይደለም። እኛን ከብራዚል ያስቀሩን የናይጄሪያው ስቴፈን ኬሺ፣ ተጫዋች ሆነውም አሠልጣኝ ሆነውም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡ ሰው ነበሩ። ዋንጫውን ባነሡ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ተባረሩ፣ ተመለሱ፣ ዳግመኛ ተባረሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ያሸነፈውም የተሸነፈውም መውጫ በሩ አንድ ነበረ።

አሠልጣኝ ሊሻር አይገባም ማለቴ አይደለም። ሥራ በውጤት ይመዘናል፤ ሦስት ሽንፈት ሦስት ሽንፈት ነው። ምናልባት ፌዴሬሽኑ ትክክል ነበር። የእኔ ነገር ግን ከስንብቱ ጋር አይደለም፤ ከሳቁ ጋር ነው። የሰው ልጅ ሥራውን ሲያጣ እኛ ምን አገኘንና ነው እንደዚያ የሣቅነው?

ይህን ጥያቄ ለዓመታት አልጠየቅሁትም ነበር። ያስጠየቀኝ ሌላ ስንብት ነው፤ ከኳስ የራቀ፣ ለእኔ ግን የቀረበ።

*

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ባንክ፣ በሌላ የቆላ ከተማ ቅርንጫፍ ውስጥ እሠራ ነበር። ወቅቱ የሰሊጥ ነው፤ ሰልፉ ከበር ወጥቶ መንገድ ይዟል። ሥራ አስኪያጃችን ጠዋት ጠዋት እየዞሩ፣ «ልጆች፣ ረጋ በሉ፤ አኃዙን ደግማችሁ አንብቡ» ይሉ ነበር። እኛ በልባችን እንሥቅባቸው ነበር። በአንድ እንዲህ ባለ ቀን የአንድ ነጋዴን ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ አስገባሁ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩት በአንድ አኃዝ ነበር። ቲኬቱን እኔ ሠራሁ፤ እርሳቸው ከሚገፋፋው ሕዝብ መካከል ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ «አየኸው?» አሉ፣ «አዎ» አልሁ፣ ፈረሙ። ስሕተቱ ሲታወቅ ገንዘቡ ወጥቶ ነበር።

ሁለት ቢጫ ካርድ ማለት ይኼ ነው። አንድ ሲደመር አንድ።

የመጡት መርማሪዎች ሲጠይቁ እርሳቸው የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።» እኔም ተጠየቅሁ። አልዋሸሁም፤ ቲኬቱን እኔ እንደ ሠራሁ ተናገርሁ። ነገር ግን «አየኸው?» ብለው እንደ ጠየቁኝ፣ እኔም ሳላይ «አዎ» እንዳልሁ አልተናገርሁም። ማንም አልጠየቀኝማ። እኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። እርሳቸው ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ በተራ ሠራተኝነት ተዛወሩ።

የሄዱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ተሰብስበን ቡና ጠጣን። እርሳቸው ከወጡ በኋላ ከመካከላችን አንዱ የአነጋገር ዘይቤያቸውን አስመስሎ፣ «ልጆች፣ ረጋ በሉ» አለ። ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ።

በዚያች ቅጽበት የሻይ ቤቱ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ያው ሳቅ ነበር። ለምን እንደምንሥቅ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጥፋቱ ወጥቶ በሰው ትከሻ ከበር ሲወጣ፣ ውስጥ የቀረነው ሁሉ ንጹሕ የሆንን ይመስለናል። እፎይታ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፎይ ማለት ነበረብኝ።

*

አሁን በትውልድ ቦታዬ በኮኪት እሠራለሁ። ሻይ ቤቱ ዛሬም አለ፤ እትዬ ግን የሉም፤ ልጃቸው ነው የያዘችው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በመተማ በኩል ብዙ ሱዳናውያን ስደተኞች ሆነው ተሻግረዋል። አንዳንድ ጊዜ ከማንደጃው አጠገብ ተቀምጠው ሳያቸው፣ ያን እሑድ «መብሩክ» ብለው እጃችንን የጨበጡትን አስባለሁ። የት ይሆኑ?

ከእኛ ወረድ ብላ ያለችው ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚህ ምድር ቆስለው ወደቁ፤ ጦሩ ተበተነ፤ ድሉ ከእጅ ወጣ። አገሬው ግን ያን ቀን የጠራው በተሸናፊነታቸው አይደለም፤ ስማቸውን ለከተማው ሰጠ። አባቶቻችን የወደቀን ሰው እንዴት እንደሚይዙ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ ከዚያች ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠን ለሥቀን መቀበል አላፈርንም።

ደብተሩን ያገኘሁ ለት ማታ ለቀድሞው ሥራ አስኪያጄ ደወልሁ። ከዚያ ወዲህ ደውዬላቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኋቸው፤ ስሜን ነገርኋቸው።

«አወቅሁህ እኮ። እንዴት ነው፣ ሙቀቱ ከበደ?»

«ከበደ፣ ጋሼ።»

«ዝናቡስ? ለዘር ይደርስላችኋል?»

ስለ ዝናቡ ነገርኋቸው። ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኋቸው። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ቀን...» አልሁ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። መሥመሩ ያለ እንደ ሆነ ለማወቅ «አለህ?» አሉኝ። «አለሁ» አልኋቸው። «በል፣ ካርድህ እንዳያልቅ፤ ሰላም እደር፣ ልጄ» ብለው ዘጉት።

የሰውነት ቢሻውን ግጥም ከደብተሩ ልገነጥል አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ገጹ ቢሄድ የግራው ብቻውን ይቀርና ደግ ሰው ያስመስለኛል። ይልቅስ ገልብጬ በጀርባው ላይ ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ። ከአንባቢ አስቀድሜ የምልከው ለጋሼ ነው፤ በስልክ ያልወጣልኝ ነገር አለበትና። አሠልጣኝ ሰውነትን በአካል አላውቃቸውም፤ የእርሳቸውን ዕዳ በዚህ አደባባይ ላይ እከፍላለሁ።

የጥቅምቱን ቀን ዛሬም ሳስታውስ ዓይኔ ያቀርራል። ያስለቀሱን እርሳቸው ነበሩ።

ኮኪት